ከመስመር የወጣው ድንጋይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም እንኳ።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራው የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ዛሬ ከብት ይግጥበታል። እኔ ያስተማረኝ የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ሜትርና ደብተር ይዤ ብቻዬን ስለካው ከረምኩ። የጠርዙን ድንጋዮች አንድ በአንድ መዘገብኩ፤ በስንጥቃቸው የቀረውን ኖራ ሳይቀር።

አያ ሞላ እዚያው ዳር የሚያርሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያልፉ «አንተ ሜትር ያዥ፣ አውሮፕላኑን መቼ ነው የምታሳርፍልን?» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ከሰው የምሰማው ይህችን ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ያም ሆኖ ስለ ሜዳው አንድ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም። ለምን? ሜትሩ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

ለናሙና አንድ ድንጋይ ፈለግሁ። መስመሩን ላለማበላሸት ብዬ ከመስመር ወጥቶ ብቻውን የቆመውን መረጥኩ። ከመስመሩ ውጭ ስለሆነም ቦታውን አልለካሁትም። በባጃጅ ጭኜ ቤቴ ወሰድኩት።

በሳምንቱ አያ ሞላን ሜዳው ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ አገኘኋቸው።

«ምን ጠፋብዎ፣ አያ?»

«ያባቴ ራስጌ። ይህን ሜዳ ሲያስደለድሉት ድንጋይ እንደተሸከመ ነው የወደቀ። እዚሁ ቀበሩት፤ ምልክቱ አንድ ድንጋይ ነበረች።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ሁሉን ትለካ የለ? እስኪ የት ነበረች?»

ወሰድኩት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደብተሬን ገልጬ፣ ያልጻፍኩትን እንደማነብ ሆኜ፣ በጣቴ አንድ ቦታ አሳየኋቸው። «እዚህ ጋ ነው፣ አያ።» መረቁኝ። ሌላ ድንጋይ አንከባለው አቆሙበትና ተንበርክከው ሳሙት።

ፈርቼ ነው የዋሸሁት? ፍርሃት ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር። እኔን ያሳፈረኝ «አላውቀውም» ማለት ነው። ለዚያች አንዲት ቃል ስል አባታቸውን ሁለት ጊዜ አጠፋሁባቸው፤ አንድ ጊዜ በእጄ፣ አንድ ጊዜ በጣቴ።

አያ ሞላ ባለፈው ዐቢይ ጾም አረፉ። አሁን ያን ድንጋይ የምትሳለመው ሴት ልጃቸው ናት። ሜዳው ላይ ስታየኝ አብረዋት ላሉት «የአያቴን መቃብር ያገኘልን እሱ ነው» ትላቸዋለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

እውነተኛው ድንጋይ አልጋዬ ሥር ነው። የት እንደምመልሰው አላውቅም፤ ደጋግሜ ሄጄ ፈልጌያለሁ፣ ሣሩ ሸፍኖታል። የልጃቸውን ቤት ግን አውቀዋለሁ። ከዋናው መንገድ መቶ አርባ እርምጃ ነው።

አልሄድኩም።