የአስኩ የክሬዮን ስባሪዎች

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከምድጃ እሳት ዳር ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ማብሰያ አጠገብ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ቦታው ዶሃ፣ አል ነስር፤ አባቴ በሾፌርነት እናቴ በወጥ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው በሚሠሩበት ትልቅ ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ያኔ ለእኔ ፍም ማለት የማብሰያው ቀይ ጠመዝማዛ ሽቦ ነበር፤ ጭስ ማለት ደግሞ ሰም ከሚቀልጥበት የቱና ጣሳ የሚነሣው ጣፋጭ መሳይ ሽታ። መስኮቱ ላይ የተገጠመው አሮጌ ኤሲ ሲያጓራ ጆሮ ስለሚያደነቁር፣ ተረቱ እንዳያመልጠኝ ከአስኩ ጉልበት ሥር ገብቼ እቀመጥ ነበር።

አስኩ የዚያው ቤት ሠራተኛ ናት። ሙሉ ስሟ አስካለ ነው፤ እናቴ «አስኩ» ስትላት እየሰማሁ ስላደግሁ እኔም ያንኑ ያዝኩ። ቤት የምትጠርገው፣ ልብስ የምትተኩሰው፣ የቤቱን እመቤት፣ የማዳምን ልጆች የምታጥበውና የምታስተኛው እሷ ነበረች። ልጆቹ ደግሞ ከለር አያያዝ አያውቁም። አዲስ የክሬዮን ፓኬት በተከፈተ በሳምንቱ ግማሹ ተሰብሮ ከሶፋ ሥር ይገኛል። አስኩ ስትጠርግ ስባሪውን እየለቀመች በሽርጧ ኪስ ታጠራቅመዋለች። መጀመሪያ ስታስፈቅድ ማዳም ከት ብላ ስቃ «ዚባላ፣ ቆሻሻ እኮ ነው አስካለ፣ ምን ሊያደርግልሽ?» አለቻት አሉ። አስኩ ግን ገና ያላለቀ ነገር ሲጣል ማየት አይሆንላትም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዓት ዕረፍት ስለነበራት ወደ ክፍላችን ትመጣና የሳምንቱን ለቀማ ጋዜጣ ላይ ትዘረግፈዋለች። ስባሪውን ለብ ባለ ውሃ እንዘፈዝፍና ወረቀቱን በጥፍራችን እንልጣለን፤ ከዚያ በየቀለሙ ለይተን በጣሳ እናቀልጠውና ከፍሪጅ በወጣ የበረዶ መሥሪያ ውስጥ እናፈስሰዋለን። ሲደርቅ ለትንሽ እጅ የሚመች ወፍራም አዲስ ከለር ይወጣዋል። ግማሹ ለማዳም ልጆች ይመለሳል፤ እነሱም ከሱቅ ከመጣው አብልጠው ይወዱት ነበር። ግማሹ የእኔ ነው።

ተረቱ የሚነገረው በምንልጥበት ጊዜ ነበር፤ አንድ የማይሻር ሕግም ነበራት። እጅ ከቆመ ተረትም ይቆማል። እኔ አፌን ከፍቼ ስሰማ እጄ ይረሳል፤ እሷ ወሬዋን ቁርጥ አድርጋ ትመለከተኛለች።

«ያላ፣ ቶሎ በይ! ጆሮሽ ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?»

እንደገና መላጥ ስጀምር እሷም ካቆመችበት ትቀጥላለች። የተረቱ ሰዎችና አውሬዎች እዚያው ፊታችን የተበተኑት ስባሪዎች ነበሩ። ቡኒው ጅብ ሆኖ፣ ከሌላ ከለር የተላጠ ነጭ ወረቀት ለብሶ በግ ነኝ እያለ ሠርግ ቤት ይገባል። የሥጋው ሽታ ሲያውደው ለሃጩ ወረቀቱን ያርሰውና እዚያው ሙሽሮቹ ፊት ይላጣል። በዚህች ተረት ስንት ዓርብ እንደሳቅሁ! እናቴ ሳትቀር ሽንኩርት መክተፏን ትታ ትስቅ ነበር።

ቢጫና አረንጓዴው ሲደርስ ግን ሌላ ተረት ነበረ። እናቷ ባሕር ተሻግራ የሄደችባት አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እናትየው ወደ ልጇ ለመመለስ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች። ተረቱ እዚያ ላይ ይቆማል።

«ከዚያስ አስኩዬ?»

«ከዚያማ ገና መንገድ ላይ ናት።»

ያኔ አልገባኝም እንጂ ያቺ ልጅ የአስኩ ልጅ ትዕግሥት ነበረች። ገና የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አስኩ ለራሷ እናት ትታት የመጣች፣ ደብረ ብርሃን ከአያቷ ጋር የምታድግ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ጋር እኩል የሆነ ልጅ። አንድ ዓርብ አስኩ ባቃላ ከሚባለው የሰፈር ሱቅ አጠገብ ካለው የካርድ ስልክ ደውላ ስትመለስ፣ ቁጭ ብላ ያለ ተረት መላጥ ጀመረች። እናቴ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«ምን እሆናለሁ። ልጄ «እትዬ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። አንቱ አለችኝ እኮ! እንደ እንግዳ!»

እኔ በየሳምንቱ ጉልበቷ ሥር ተወሽቄ አስኩዬ የምላት ልጅ፣ በዚያች ቅጽበት አንገቴን ደፋሁ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ጋሽ ሙሉጌታ የሚባል የአባቴ ጓደኛ፣ በዘበኝነት የሚሠራ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሊሄድ ሆነ። አስኩ ለትዕግሥት ልብስና ጫማ ገዛች፤ ልቧ ግን አልረካም። «ይሄንንማ ማንም ይገዛላታል፤» አለች። «የእጄን ነው ማየት ያለባት።» እናም በእጇ አደይ አበባ ልትሠራላት ወሰነች። የስንት ሳምንት ቢጫና አረንጓዴ ስባሪ ቀለጠ። የሻይ ማንኪያውን ጀርባ ውሃ እያስነካች ቢጫው ሰም ውስጥ ነከር ታደርገዋለች፤ ቀዝቀዝ ሲል ስስ የአበባ ቅጠል ሆኖ ይላቀቃል። ቅጠሎቹን እያጣበቅን፣ በአረንጓዴው ግንድ እየሠራን፣ የከረሜላ ቆርቆሮ ሙሉ አደይ አበባ አወጣን። ኤሲው ሥር ተደርድሮ ሲታይ እውነተኛ አበባ ይመስል ነበር። አስኩ ደጋግማ ክዳኑን እየከፈተች ታየው ነበር።

ጋሽ ሙሉጌታን ኤርፖርት የሚያደርሰው አባቴ ስለሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት አስኩና እኔም አብረን ሄድን። ሻንጣው ወደ መኪናው መውረዱ ስለማይቀር ቆርቆሮውን የኋላ ወንበር ላይ ትተን፣ ደህና ግባ ልንለው ብቻ ወደ ክፍሉ ወጣን። ግን በእኛ ሰው ቤት «ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ክፍሉን የሚጋሩት ጓደኞቹ ለስንብት ወጥ ሠርተው ጠብቀዋል። «በሞቴ»፣ «እንዴት ሳትቀምሱ!» ተባለ፤ ጉርሻው ተከተለ፣ ሻዩ ተከተለ። የጳጉሜ የዶሃ ፀሐይ እታች የተቆለፈችውን መኪና ምን እያደረጋት እንደሆነ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

ወርደን በሩን ስንከፍት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። አስኩ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው ክዳኑን ከፈተች። አበባ የሚባል አልነበረም። ሁሉም ቀልጦ፣ ቢጫው ከአረንጓዴው ተደበላልቆ፣ ቆርቆሮው ሥር ተኝቷል። እጇን ሰደደችና ለስላሳውን ሰም ዛቅ አድርጋ በጭብጧ ጨመቀችው።

«ኸላስ፣ በቃ፤» አለች። «ይሄም ቀረ።»

አባቴ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነዳ። አስኩ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ ጭብጧን ሳትፈታ፣ እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ። ኤርፖርት ስንደርስ እጇን ዘረጋች። ሰሙ በመንገድ ላይ ደርቆ ነበር። ቅርጽ የለሽ ጓል ነው፤ አራቱ ጣቶቿ በአንድ ጎን፣ አውራ ጣቷ በሌላው ጎን ሰርጉደውበታል። መጣያ ፍለጋ ዞር ስትል ጋሽ ሙሉጌታ እጁን ዘረጋ።

«ወዲህ በይ። ምንም ባይሆን ትስልበታለች።»

በሶፍት ጠቅልሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ገባ።

ከዚያ በኋላ ስባሪውን መልቀም ተወች። ዓርብ ትመጣለች፣ ከእናቴ ጋር ትቀመጣለች፣ ተረት የለም። ጋዜጣውን እኔ ራሴ አነጥፍላት ነበር፤ የሚዘረገፍበት ግን አልነበረም። አንድ ቀን ስልክ ልትደውል ስትወጣ ተከተልኳት። ትዕግሥት ስልኩን ስታነሣ ገና ሰላምታው ሳይጀመር ድምፅዋ እስከ እኔ ተሰማ።

«እማዬ! ጣቴን አስገባሁት! ጣትሽ የነበረበት ቦታ!»

አስኩ ግድግዳውን ደገፍ አለች።

«ከለር እኮ ነው የኔ ልጅ። ሳይበት።»

«አልስልበትም! ያልቅብኛል። እጅሽ ግን ትልቅ ነው፤ የእኔ ጣት ውስጡ ይጠፋል።»

ካርዱ አልቆ መስመሩ ሲቋረጥም አስኩ መነጋገሪያውን ከጆሮዋ አላነሣችም። በሳምንቱ ዓርብ ኪሷ ሞልቶ መጣች። ቢጫውን እየላጠች፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ «ያቺ እናት ደረሰች እኮ፤» አለችኝ። «እጇ ቀድሟት ደረሰ።»

ዛሬ የእኔ ሥራም ከልጆች ጋር ነው። ስባሪ ክሬዮን በጣሳ እሰበስባለሁ፤ ክብ ሠርተን እንልጣለን፤ እጅ ከቆመ ተረትም ይቆማል። ጅቡ እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት ይላጣል። የጣሳው ሽታ ሲነሣ ያኔ ጉልበቷ ሥር እንደነበርኩ ይሰማኛል፤ ለሌላ ልጅ የተገባውን ተረት ሁሉ ሰምቼ ያደግሁት እኔ ነኝና አስኩን ሳመሰግን ትዕግሥትንም አብሬ አመሰግናለሁ።

አስኩ አገሯ ከገባች ከዓመታት በኋላ ደብረ ብርሃን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ትዕግሥት ከቁም ሣጥን በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ያው ጓል ነው፤ አንዲት መስመር አልተሳለችበትም። ጣቶቿን በስርጉዱ ላይ አሳረፈች፤ አሁን ልክ ሆነዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«እንቺ፣ አንቺም ሞክሪው። አንቺንም አሳድጋሻለች።»

አስኩ ከወንበሯ ሆና እያየችኝ ነበር። ጓሉን ተቀብዬ በሁለት መዳፌ ላይ ያዝኩት። ጣቴን ግን አላስገባሁም። ተረቱን እኔ ወስጄዋለሁ፤ እጇ ለልጇ ይቅር ብዬ መለስኩላት።