ተለወጠች የተባለችው ልጅ

ውዱ በሮቢት ትምህርት ቤት በጽዳት ሥራ ብዙ ዓመት ኖራለች። ልጇ ኡሙልኸይር ግን ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም ነበር። በሁለት ዓመቷ ክፉ ትኩሳት ጥሏት ሲለቃት አፏ ተያዘ፤ እግሯም ዛለ። ጎረቤቱ ወዲያው ፈረደ፤ እናቷ ምንጭ ዳር አስተኝታት ሳለ ጅን ጤነኛዋን ወስዶ የራሱን ትቶላት ሄደ ተባለ። አባቷም ይህንኑ አምኖ ጥሏቸው ወደ ዋጃ ሄደ። ውዱም አንዳንዴ ልቧ ይጠራጠራል። ቢሆንም «የጅንም ልጅ ብትሆን ይርባታል» እያለች ታጎርሳት ነበር።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት አንድ ረፋድ ላይ ውዱ የቤተ መጻሕፍቱን መስኮት ስትወለውል፣ መምህርት እፀገነት ለተማሪዎቿ ስለ አውሮፓ ገበሬዎች የጥንት እምነት ታነብ ነበር። ከኮረብታ ሥር የሚኖሩ ረቂቅ ፍጡራን አሉ ይላሉ፤ እንዳይቆጡም «ደጋጎቹ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ አራስ ቤት ብረት ካላኖሩ ጤነኛውን ሕፃን ወስደው በሽተኛ ይተኩበታል። የውዱ እጅ መስታወቱ ላይ ቀረ።

ልጆቹ ሲወጡ ጠብቃ ገባች።

«ቲቸር፣ ፈረንጅም ጅን አለበት እንዴ?»

«ስሙ ሌላ ነው እንጂ ያው ነው፣ እትዬ ውዱ።»

«ተለወጠ የተባለውን ልጅስ ምን ያደርጉት ነበር?»

እፀገነት መጽሐፉን ዘጋች። «አንዳንዶቹ እሳት ያስነኩት፣ ብርድ ላይ ያሳድሩት ነበር፤ የራሳቸው ልጅ ይመለስልናል ብለው። አንድም አልተመለሰም። የታመመው ራሱ ልጃቸው ነበራ።»

ውዱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ስንቱ የገዛ ልጁን ገደለ በይኛ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ኡሙልኸይርን አዝላ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ሴቶቹ ውኃ በሚቀዱበት በምንጩ በኩል አለፈች። አንዷ «ያንን ነገር ልጆቻችን መካከል ልታስቀምጪው ነው?» አለቻት።

«ልጄን ነው የምወስደው» አለች ውዱ፣ ሳትቆም። «ስሟም ኡሙልኸይር ነው።»

እፀገነት ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። የኡሙልኸይር አንደበት እስከ ዛሬ አልተፈታም። በሁለተኛው ዓመት ግን ስሟን ጻፈች፤ በምርኩዝ እየሄደችም ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች።

አሁን ከጎብዬ ሳይቀር ልጃቸው መራመድ የዘገየባቸው እናቶች ወደ ውዱ ይመጣሉ። እሷ ሕፃኑን ተቀብላ ታቅፈዋለች፤ «ስሙ ማን ነው?» ትላለች፤ ከዚያ እናቲቱን አስከትላ ጤና ጣቢያ ትወስዳቸዋለች።