የሚንሃ የኖራ ቤት

መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ጥቁር ሸራ ጫማ ነበር፤ አፍንጫው ላይ ግን ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስል ነጭ ብናኝ ሰፍሮበታል። ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ጭኗ ላይ አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ይዛለች፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ማዳበሪያው ትንሽ ነጭ ጭስ እፍ ይላል።

ረዳቱ ዞሮ፣ «እናት፣ ዱቄትሽ እየፈሰሰ ነው» አላት።

«ዱቄት አይደለም፣ ቤት ነው» አለችው።

እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ አልቻልኩም፤ ጠየቅኳት። ሚንሃ ትባላለች። አባቷ ሰበታ ገበያ ጫፍ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አላቸው፤ እሷ በሚስማር እየተጫወተች አድጋ አርክቴክት ሆነች። አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ የሌሎች ሰዎችን ቤት ደረጃና መታጠቢያ ስትስል ከርማ፣ በቅርቡ ወጥታ ብቻዋን መሥራት ጀምራለች። በራሷ ስም የቆመ ቤት ግን ገና የላትም።

«ዛሬ ወይ የመጀመሪያውን አገኛለሁ፣ ወይ ሚስማር ልሸጥ እገባለሁ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰበታ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ኦቦ ባጫ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ግቢያቸው ውስጥ አዲስ ቤት ሊሠሩ ነው። ልባቸው ለገጣፎ ያዩት ባለ አምድ ቪላ ላይ ወድቋል፤ ፎቶውን በስልካቸው ይዘው እንደ ልጅ ልጅ ለሰው ሁሉ ያሳያሉ። ሽመክት የተባለ ፎርማን፣ «ቁርጥ እሱን አደርግልዎታለሁ» ብሏቸዋል፤ ነገ ጠዋት መሠረት ሊቆፍር ይመጣል። ሚንሃ በወረቀት ያሳየቻቸውን ንድፍ፣ «ይሄ እኮ መስመር ብቻ ነው፣ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ» ብለው መልሰውላታል። ለምና የዛሬን ቀን አገኘች። እስኪመሽ ካልወደዱት ሥራው የሽመክት ነው።

«እውነታቸውን ነው» አለች ሚንሃ። «ወረቀት ላይ ተኝቶ ያደረ ሰው የለም። ስለዚህ ቤቱን በልኩ መሬት ላይ በኖራ እስለዋለሁ፤ ይዋሉበትና ይንገሩኝ።»

«መጥቼ ልይ?»

«ሶፋ ከተሸከምክ ና።»

የኦቦ ባጫ አሮጌ የጭቃ ቤት ወደ ጓሮ ተጠግቶ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ እስከ አጥሩ ድረስ ሣር ነው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቁናል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ባጫ?»

«ነጋ፣ ነጋ። ዱቄቱን አመጣሽ?»

ሚንሃ የራሷን ቤት የምትስል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የሽማግሌውን ስልክ ተቀብላ፣ «መጀመሪያ በዚህኛው እንኑር» አለችና ችካል መምታት፣ ሲባጎ መወጠር ጀመረች። ከዚያ ኖራውን በእፍኟ እያፈሰሰች በሲባጎው ላይ ሄደች። ባዶ ሣር ላይ ሳሎን ሲወለድ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዲት ነጭ መስመር ቁርጥ አለች፤ በር ሆነች። ሦስት መስመር ተደራረበ፤ ደረጃ ሆነ። ከፊት አምዶቹ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ክብ ሆነው ተደረደሩ። ሲያልቅ ቪላው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ውጦት ነበር። ኦቦ ባጫ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«ዕቃ ይውጣ!» አለች ሚንሃ።

ልጃቸው ቦሩና እኔ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ አልጋውን ከአሮጌው ቤት ተሸክመን አወጣን። ባለቤታቸው አዴ ሸዋነሽ ባዶ ድስት ይዘው በኖራ ወደ ተሳለው ማዕድ ቤታቸው ገቡ፣ ወደ ሳሎንም መንገድ ጀመሩ።

«ሸዋነሽ! በግድግዳ አለፍሽ!» ብለው ጮኹ ኦቦ ባጫ።

«የታለ ግድግዳው?»

«ይኸው ነጩ! በበሩ ዙሪ!»

አዴ ሸዋነሽ በኮሪደሩ ዞሩ፣ በመኝታ ቤቱ ዞሩ፣ ሳሎን ሲደርሱ ድስቱን ቁጭ አደረጉት። «ወጡ መንገድ ላይ በረደ» አሉ። «ሲርብህ ስንቅ ይዘህ ናልኝ።»

ላሚቱ ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ሳሎኑን አቋርጣ በረንዳው ላይ ሣር መጋጥ ጀመረች። ኦቦ ባጫ በከዘራቸው አባረሯት። እሷም በበር አልወጣችም።

«እንግዲህ መኝታዬን ልሞክር» አሉ ቀጥለው። ጫማቸውን አወለቁ፣ አልጋው ላይ ጋደም አሉ፣ ፀሐዩ ሲበረታባቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኛም ደክሞን ነበርና ሳሎን ሶፋው ላይ ተደርድረን፣ እንዳይነቁ ብለን ዝም አልን።

ዝምታችን ነው ጉድ ያመጣው። ጎረቤታቸው ወርቅቱ በመንገድ ስታልፍ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ታያለች። የቤቱ ዕቃ ሜዳ ላይ ወጥቷል። ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ኦቦ ባጫ እስከ ፊታቸው ተሸፍነው ተዘርግተዋል። ሰው ሲሞት ሶፋና ጠረጴዛ ወጥቶ ለለቀስተኛ ቦታ እንደሚለቀቅ የማያውቅ የለም። ወርቅቱ ቤት አልገባችም፤ በሩጫ ወደ እድር።

ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተበረገደ። ከፊት ወርቅቱ ነጠላዋን አገልድማ፣ «ወይኔ ኦቦ ባጫ! ወይኔ ጎረቤቴ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ከኋላዋ የእድሩ ዳኛ አቶ እውነቱ፣ ከእሳቸው ኋላ ሰዎች በጋሪ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ጭነው ይገባሉ። እኛ ምን እንደሆነ አልገባንም። ኦቦ ባጫ ባነው ጋቢውን ገለጡና አልጋው ላይ ቁጭ አሉ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለች ወርቅቱ፣ ከቅድሙም የባሰ እየጮኸች።

አቶ እውነቱ ለለቅሶ ያወለቁትን ኮፍያ መልሰው ደፉ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ ባጫ? ጥሩምባ ሳታስነፋ ሞትክ፤ አሁን ደግሞ እድሩን ሳታስፈቅድ ተነሣህ።»

ሳቁ የጅማ መንገድ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። አዴ ሸዋነሽ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አልለይ አለኝ። ሰዎቹ ጋሪውን ሊያዞሩ ሲሉ ሚንሃ ከሶፋው ተነሣች።

«አቶ እውነቱ፣ ከመጣችሁ አይቀር ድንኳኑን ትከሉት።»

«ሰው በቁሙ እያለ?» ብለው ተቆጡ ኦቦ ባጫ።

«ለቤቱ ምርቃት ነው በሉት» አሉ አዴ ሸዋነሽ።

አቶ እውነቱ አንድ ቋሚ እንጨት አንሥተው ቦታ ፍለጋ ጀመሩ። «እዚህ ልትከል?»

«እሱ ሳሎኔ ነው» አሉ ኦቦ ባጫ።

«እዚህስ?»

«በረንዳዬ ነው።»

«እዚህስ?»

«አምድ ነው፣ ኧረ አትርገጠው!»

ዳኛው እንጨቱን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ቤቱን ዞሩት። ከኖራው ውጪ የቀረው ቦይና አጥር ብቻ ነበር። «ታዲያ የእውነት ስትሞት የት እንቀመጥ?»

ኦቦ ባጫ አሰቡ። «አስፋልቱ ዳር...?»

«የጅማ መኪና ጨርሶን አብረንህ እንድንቀበር?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ይህ ሣር የቦሩ ሰርግ የተበላበት፣ የኦቦ ባጫ አባት የተለቀሰበት ነው። ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ ነጩን መስመር በዓይናቸው ተከተሉት፤ የት ጋ እንደሚያልቅ አሁን ገና ያዩ መሰለኝ።

ሚንሃ «ነግሬዎት ነበር» የምትል መስሎኝ ጠበቅሁ። አላለችም። ቅጠል አሥራ የቪላውን ፊት ጠረገችና አዲስ መስመር ጀመረች። የእሷ ቤት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ፣ አንድ ክንዷን አጥፋ፣ ሣሩን እንደ ልጅ አቀፈችው። መኝታው ታች ነው፤ ለሽማግሌ ጉልበት ደረጃ የለውም። ማዕድ ቤቱ ወደ ሣሩ ይከፈታል፤ የድግስ ወጥ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም። በረንዳው ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፤ ሽማግሌዎች ይደረደሩበታል። ድንኳኑ መሐል ላይ ተተከለ፣ ገጠመም።

ኦቦ ባጫ በበሩ ገቡ፣ በበሩ ወጡ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «አምዴስ?»

የሚንሃ እጅ አየር ላይ ቀረ። በወረቀቷ ላይ አምድ አልነበረም። ሽማግሌውን አየች፣ ድንኳኑን አየች፤ አቶ እውነቱ ገመዱን ይዘው ማሰሪያ ፍለጋ ይዞራሉ። ሄደች፤ በረንዳው ጠርዝ ላይ ሁለት ወፋፍራም ክብ በኖራ ሠራች።

«ሁለት አምድ። የድንኳኑ ገመድ እዚህ ይታሰራል።»

«ችካል ከመምታት ተገላገልን!» አሉ አቶ እውነቱ።

«የለገጣፎው አምድ ላይ ምን ያስራሉ?» ብለው ጠየቁ ኦቦ ባጫ።

«ምንም» አለች ሚንሃ።

«ምንም» ብለው ደገሙት ሽማግሌው። ቃሉ ጣፍጧቸው ነበር። ፊታቸው ግን እንደ ተቋጠረ ነው። «ደህና። አድሬ ላስብበት።»

የሚንሃ ፊት ጠቆረ። ቀኑ አልቋል፤ ነገ ጠዋት ሽመክት አካፋውን ይዞ ይመጣል። ሲባጎዋን ስትጠቀልል አጠገቧ ቆሜ ረዳኋት።

«ቢሮ ሳለሁ ‹ደንበኛው የጠየቀውን ስጪው› ይሉኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ደንበኛ እኮ ብቻውን አይመጣም። ይኸው እድሩን አስከትሎ መጣ። አምዱንም ቢሆን እኔ አላሰብኩትም፤ አቶ እውነቱ ገመድ ይዘው ባይዞሩ አይታየኝም ነበር።»

ከአጥሩ ውጪ ሚንሃን ሊወስድ የመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። እሷም ባዶ ማዳበሪያዋን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በአቋራጭ ወደ ግቢው በር ገሠገሠች።

«ኧረ ግድግዳዬን!»

ሁላችንም ዞርን። ኦቦ ባጫ ከዘራቸውን አንሥተው እግሯ ሥር ወዳለው ኖራ ይጠቁማሉ። «ግድግዳዬን ረገጥሽው እኮ! ነገ ሽመክት በየትኛው መስመር ሊቆፍር ነው?»

ሚንሃ በአንድ እግሯ ሳሎን፣ በአንድ እግሯ ውጭ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ማዳበሪያውን ገልብጣ አራገፈችና የተበላሸውን መስመር በጣቷ ጫፍ አቃናችው። ወደ ሳሎን ተመልሳ፣ ሶፋውን ዞራ፣ በአዴ ሸዋነሽ ማዕድ ቤት በኩል አልፋ፣ በበሩ ወጣች። ሣሩ ላይ የቀረው የጫማዋ ነጭ ፈለግ እስከ ባጃጁ ድረስ እየሳሳ ሄደ። እኔ ወደ እድሩ ጋሪ የምመልሰውን አግዳሚ ወንበር እንደ ተሸከምኩ ሳሎን ውስጥ ቆሜ ስትሄድ አየኋት።