ያልጠራሁት እሑድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳትሰማው አለፈች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ለእሳቸው ስካሬን ነግሬያለሁ፣ የገደፍኩትን ጾም ነግሬያለሁ፣ በጎረምሳነቴ የሠራሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ዘርግፌያለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዛል። ምን ብዬ ልናገረው? አልሰረቅኩም፣ አልገደልኩም፣ ችሎት ቆሜ በሐሰት አልመሰከርኩም። ሰው መጥራት ነበረብኝ፤ አልጠራሁም። ይኼ ደግሞ ኃጢአት ነው እንዴ ብለው ቢስቁብኝስ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ፤ ሆዴንም ፈጀው።

ደቻሳ እባላለሁ። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ነው ያደግሁትም የሸበትኩትም። ሥራዬ ብየዳ ነው፤ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ግን በብየዳዬ ሳይሆን በድምፄ ነበር። የእድሩ ለፋፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩምባዬን ይዤ በየመንደሩ እየዞርኩ እለፍፋለሁ። እኔ እከሌ አረፈ ካልኩ አርፏል፤ ቀብሩ እዚህ ነው ካልኩ እዚያ ነው። ማንም ሄዶ አያጣራም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰዉ የእኔን ቃል አያጣራም ነበር።

ያለፈው ምርጫ ሲመጣ አንዲት የሰፈራችን አስተማሪ በግሏ ተወዳደረች። ሁላችንም ቲቸር ነበር የምንላት። ከኋላዋ ፓርቲ የለ፣ ባለሀብት የለ፤ ያቆማት የሰፈሩ ሰው ነው። ከሰፈሩ ሰው ደግሞ ዋናዋ ዘይነባ ነበረች። ዘይነባ አብነት ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ሁለት ሴት ልጆቿን ለብቻዋ ታሳድጋለች። ደባል ነበረች። የቀበሌ ቤቱ በሌላ ሰው ስም ነው፣ እሷ ከውስጡ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ወረዳ ቢኬድ ስሟ የትም የለም። በእኛ መንደር ደግሞ ከባለ ስሙ ይልቅ ደባሉ ይበዛል። እኔ ባለ ስም ነኝ፤ ቤቱ ከእናቴ ወደ እኔ የዞረ ነው። ዘይነባ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ሰፈር አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም፤ ያን ቀን ደባሎች አብረን ቆመን ካልተገኘን ማንም አይቆጥረንም። ቲቸርን እንድትወዳደር ያደረጋትም ይኸው ነገር ነው።

አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣችና፣ «ጋሽ ደቻሳ፣ ለሞተው ሁሌ ይጠራሉ፤ እስቲ ለቆመውም አንዴ ይጥሩልን» አለችኝ። ሳቅሁና እሺ አልኩ። ጥሩምባዋን ግን አልነካሁም፤ እሷ የሞት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በየደጁ እየቆምኩ ሰዉን በስም በስሙ ለእሑድ ስብሰባ መጥራት ጀመርኩ። ልጆቹ በስልክ ግሩፕ ከፍተው ነበር። የእኛ ሰፈር እናቶች ግን ደጃቸው ላይ ስማቸው ካልተጠራ ንቅንቅ አይሉም። እሑድ ከሰዓት በዘይነባ ግቢ ሸራ ወጥረን እንሰበሰባለን፤ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ሁሉም እዚያች ሸራ ስር ተጠጋግቶ ይቀመጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ የመጣውን እያየሁ፣ ይህን ሁሉ ሰው ያመጣሁት እኔ ነኝ እል ነበር በልቤ። መናዘዝ ከሆነ ይኸም ይነገር። ወደድኩት። ከዚያ በፊት ሰው የሚመጣው በእኔ ድምፅ ለለቅሶ ነበር፤ አሁን እየሳቀ መጣልኝ።

ቲቸር ተሸነፈች። ውጤቱ ተለጥፎ ስናየው እኔ ራሴ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ጠላ ቤት ስገባ «ክቡር ሚኒስትር መጡ» እያሉ ቀለዱብኝ። አለቀ በቃ አልኩ። ዘይነባ ግን በሳምንቱ መጥታ፣ ጋሽ ደቻሳ ይጥሩ እንጂ አለችኝ። ጠራሁ። ይመጣሉ ብዬም አልነበረም፤ እነሱ ግን ግቢውን ሞልተው መጡ። ሁሉም ለቅሶ የደረሰ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዘይነባ ተነሥታ፣ የተሸነፈችው ቲቸር ናት፣ ሽንት ቤታችን እንደሆነ እዚያው እንደሞላ ነው ያለው አለች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ቲቸር ራሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ተሰበሰብን። አዋጥተን ሽንት ቤቱን አስመጠጥን። የውሃው ቧንቧ ሲሰበር እንደ ድሮው አንድ ሰው አመልካች ሆኖ ሳይሆን ሠላሳ አርባ ሆነን ሄድን፤ ተጠገነልን። እናቶች ተራ ገብተው አንዷ የሌላዋን ልጆች ትጠብቃለች፣ ሌላዋ ሥራ ትውላለች። ምርጫ የለ፣ ድምፅ የሚለምነን የለ፤ ለራሳችን ብቻ ነበር የምንሰበሰበው። ያኔ ነው ሰፈር መሆን የጀመርነው። ያንን ነው እኔ የገደልኩት።

እንዴት መሰላችሁ? አንድ እሑድ ዘይነባ ተነሥታ ስለ ጥሪው ተናገረች። ሁሉ ነገር በጋሽ ደቻሳ ጫንቃ ላይ ነው፤ እሳቸው ቢታመሙ ወይ ሩቅ አገር ሥራ ቢያገኙ ልንበተን ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መደዳ የራሱን ጠሪ ያብጅ፣ ጥሪውም ተራ ይግባ አለች። ስትናገር እያየችኝ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ያኔም ትክክል መሆኑን አውቄያለሁ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ጋሽ ደቻሳ ጡረታ ወጡ በሉኛ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ሲስቅ ውስጤ ድብን ብሎ አረረ።

የእኔን ድምፅ? ሠላሳ ዓመት ሙታችሁን የለፈፍኩላችሁን ሰውዬ? እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ደግሞስ ማን ናት እሷ? የትናንት ደባል! አዎ፣ ይህን ቃል አስቤያለሁ። ለደባሎች መብት እሰበሰባለሁ የምል ሰው፣ ክብሬ ሲነካ መጀመሪያ የመጣልኝ ስድብ ደባል የሚለው ነው።

የሚቀጥለውን እሑድ እኔው ልጥራና ከዚያ ተራውን እናወጣለን ብያት ነበር። ደስ እያላት እሺ አለችኝ። ያ እሑድ ተራ እሑድ አልነበረም። ደባሎቹ ከየመደዳው ተወካይ መርጠው፣ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ስማችን ይመዝገብልን ብለው ሊያመለክቱ የተቀጣጠሩበት ነው። አውቅ ነበር። እያወቅሁ አልጠራሁም።

ቅዳሜ አመሻሽ እንደ ወትሮዬ ወጣሁ። በየደጁ ቆምኩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራሁ። ስለ እሑድ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ነገ አለ ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ ዘይነባ ደክሟታል፣ ለጊዜው ይቅር ብላለች አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። ሐሳቤ ምን ነበር? አንድ ሳምንት ይቅርባቸው፣ ያለ እኔ ምንም እንዳልሆኑ ይዩት፣ ከዚያ መጥተው ይለምኑኛል፣ ያኔ እጠራለሁ። ይኸው ነው ሐሳቤ። ወረዳ አልላከኝም፣ ጉቦ አልበላሁም፣ አልፈራሁም። እንዲለምኑኝ ፈለግሁ።

እሑድ ዝናቡ ያካፋል። ከግቢዋ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በረንዳ ቆሜ አየኋት። ሸራውን ወጥራለች። አግዳሚዎቹን በሻሿ ታብሳለች፤ ዝናቡ መልሶ ያርሳቸዋል፤ ደግማ ታብሳለች። ትልቅ ድስት ሙሉ ንፍሮ ቀቅላለች። ሳይጠሩ የመጡ ሁለት ሦስት ሴቶችና ቲቸር ብቻ ተቀምጠዋል። ሰው በመጣ ቁጥር ቀና ትላለች፤ አላፊ አግዳሚ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ጮክ ብዬ ብጣራ ኖሮ ግማሹ ሰፈር በወጣ ነበር። አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ሴቶቹና ቲቸር ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ እኔ ገባሁ።

ሰዉ ተሰላችቷል አልኳት። ምርጫው ካለፈ በኋላ ስብሰባ ምን ያደርጋል እያለ ነው፣ ጠርቼ ጠርቼ አቃተኝ አልኳት። የንፍሮውን ድስት ከደነችና፣

«ሁሉም?» አለችኝ።

«ሁሉም» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችም። ቃሌ አይጣራማ። ንፍሮውን በፌስታል ቋጥራ፣ ለቤት ይውሰዱ ጋሽ ደቻሳ ብላ ሰጠችኝ። ወሰድኩት። ቤቴ ቁጭ ብዬ በላሁት።

ሊለምነኝ የመጣ የለም። አንድም ሰው። ዘይነባ ሰዉን ላለማስቸገር ብላ አፍራ ቤቷ ተቀመጠች። ሰዉ ደግሞ ዘይነባ ተወችን ብሎ ተቀየማት። ቲቸርም ቆይታ ሌላ ትምህርት ቤት ደርሷት ከሰፈር ወጣች። ሁሉም ሌላው የተወው መሰለው። እኔ መሐላቸው እየተመላለስኩ ለሁሉም ሰላምታ እሰጣለሁ። በየሳምንቱ አሁን እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ በየሳምንቱ መናገሩ ይከብደኛል። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያማ ምን ብዬ ልጀምረው?

ሰፈሩ ፈረሰ። የፈራችው ቀን መጣ። ባለ ስሞች ምትክ ተሰጠን፤ እኔ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ደባሎቹ አንድ በአንድ፣ ለየብቻቸው፣ ወረቀት ሳይኖራቸው ወረዳ ሄዱ፤ ለየብቻቸውም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሌላ ሰፈር ቀድመው ተሰብስበው ያመለከቱ ደባሎች ተቆጥረዋል ሲባል ሰማሁ። ይሁን አይሁን አላውቅም። እንዲያው ቢሆንስ? ያ ስብሰባ ቢደረግ ኖሮስ? ላይሳካም ይችል ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። ሞክሮ ያልተሳካለትና ጭራሽ እንዳይሞክር የተደረገ አንድ ናቸው እንዴ?

አሁን ለምን ትናገራለህ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሥራ ቦታዬ አሁን አብነት ነው፤ በቅርቡ ወጣቶች መጡብኝ። ለሚመጣው ምርጫ የራሳቸውን ሰው ሊያቆሙ ነው። ዓይናቸው ይንቦገቦጋል፤ እኛን አስታወሱኝ። ከምርጫው በኋላስ ምን አስባችኋል አልኳቸው። ምንም አሉኝ። የጌጃ ሰፈሩን አጥንተናል፣ ሰዉ ለምርጫ ይወጣል እንጂ ከዚያ በኋላ ይሰለቻል፣ ያኔ ስብሰባው የተበተነው ሰዉ ራሱ ትቶት ነው አይደል ጋሼ አለኝ አንደኛው። ለዘይነባ የዋሸሁት ውሸት ተዋልዶ፣ አድጎ፣ ትምህርት ሆኖ ተመለሰልኝ። አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ነው» አልኩት።

ሲሄዱ መበየጃዬን አስቀመጥኩ። ስለዚህ እዚህ ልናገረው። ልጆቼ፣ ሰዉ አልሰለቸም። በዝናብ ይመጣ ነበር። የሚጠራው ሰው ስላጣ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን የባሰው ቀርቷል፤ ለንስሐ አባቴ ልናገር ስል ምላሴን የሚይዘኝም እሱ ነው። ሰፈሩ ሊፈርስ ሰሞን ሰዉ እየዞረ ይሰናበታል። ራሴ የሠራሁትን የብረት በር ከመቃኑ እየነቀልኩ ሳለ ዘይነባ መጣች። ዕቃዋን ለልጆቿ አሸክማ በሩ ላይ አቁማቸዋለች። ከከተማ ወጣ ብሎ ርካሽ ቤት ተገኝቷል አለችኝ፤ የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቴ ቆመች።

«ጋሽ ደቻሳ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለችኝ። «ያኔ ሰዉን ያሰለቸሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ስብሰባ ስብሰባ እያልኩ አበዛሁት። ቀስ ብዬ ይዤው ቢሆን ይኼ ሁሉ ደባል ሜዳ ላይ አይወድቅም ነበር። እርስዎንም በከንቱ አደከምኩዎት።»

ያኔ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ናት። በሩን እንደያዝኩ አየኋት። ዓመታት ተሸክማው ኖራለች፤ የእኔን በደል የራሷ አድርጋ፣ ልጆቿን ቤት አልባ ያደረግሁ እኔው ነኝ ብላ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

ይቅር አልኳት። እኔ፣ እሷን። ፊቷ ፈታ አለ፤ ከላይዋ የሆነ ነገር ሲወርድላት በዓይኔ አየሁት። አላህ ይስጥልኝ ብላኝ ልጆቿን አስከትላ ሄደች። እኔም ወደ በሬ ተመለስኩ።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ አትዘኑልኝ፤ ሽማግሌ ነው፣ ተጸጽቷል አትበሉልኝ። ዘይነባ፣ ከሰው ሰው ዞሮ ይህ ቢደርስሽ፣ አንቺ ማንንም አላሰለቸሽም። አንድም ሰው ሰለቸኝ አላለም፤ «ሁሉም» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አውፍ በይኝ አልልሽም። ብልሽ ትይኛለሽ፤ አውቅሻለሁ።