የላዩ ክር ሲጠብቅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ናዝሬት ከተማ ውስጥ ነው። ሰሞኑን ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። የውበት ሳሎን አላት፤ ለደንበኞቿ ስለ ፀጉር አያያዝ በየሳምንቱ በኢሜይል ትጽፍላቸዋለች። በቀደም ዕለት "እማዬ፣ ግማሾቹ ከፍተው እንኳ አያዩትም" ብላ ስታማርር ሳቄ መጣ። እኔም በጊዜዬ ለደንበኛ ወረቀት ስጽፍ ነበር። ያሳስረኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ባለቤቴ ግርማ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግን ነበር። ደንበኞቻችን በየከተማው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ከሞጆ፣ ከወንጂ፣ ከወለንጪቲ ጀምሮ እስከ አርሲ ነገሌ ድረስ። ግርማ ዕቃውን በሻንጣ ይዞ እየዞረ ይሠራላቸዋል። ችግሩ መኪናቸው ካልቆመ በቀር አያስታውሱንም። ሲቆምባቸው ደግሞ ያገኙት ሰው እንዲነካካው ይሰጡታል፤ እኛ የምንደርሰው ከተበላሸ በኋላ ነው።

እኔ ከማግባቴ በፊት ታይፕ ተምሬ ስለነበር አንዲት አሮጌ የጽሕፈት መኪና ነበረችኝ። በየወሩ አንድ ገጽ ብንጽፍላቸውስ አልኩት። ግርማ ሳቀብኝ። ልብስ ሰፊ ቁጭ ብሎ ወረቀት የሚያነብበት ጊዜ የት አለው አለኝ። እኔ ግን ጀመርኩት። በካርቦን አባዛዋለሁ፤ አናቱ ላይ የእያንዳንዱን ሰው ስም ጽፌ በአውቶቡስ ረዳቶች እልከዋለሁ።

"ኑና አሠሩ" ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ የሚጠቅማቸውን ነገር እጽፋለሁ፤ መርፌ መቼ እንደሚቀየር፣ ዘይት የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደሚንጠባጠብ፣ አቧራው በምን እንደሚጠረግ። ቀጥዬ የአንዱን ደንበኛ ሥራ አመሰግናለሁ። መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር፣ ግርማ በየትኛው ቀን የት ከተማ እንደሚገኝ አስታውቃለሁ። ቀስ በቀስ ሥራችን ሞቅ አለ። ግርማም መሳቁን ተወ።

አንድ ቀን ግርማ አርሲ ነገሌ ሄዶ እኔ ናዝሬት ያለውን ሱቃችንን ከፍቼ ስጠርግ ሁለት ሰዎች ገቡ። ደንበኛ መስለውኝ ወንበር አቀረብኩ። አንደኛው የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝና ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። አዎን አልኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወረቀቱን አይተው ሥራ ያመጡ መስሎኝ። እነሱ ግን የጽሕፈት መኪናዬን አንስተው፣ ሱቁን ዝጊና ተከተዪን አሉኝ። ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ተከተልኳቸው።

በዚያን ጊዜ ወረቀት ማባዛትና መበተን ምን ማለት እንደነበር በዕድሜ የደረሰ ሰው ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት ወጥቶ የቀረ ልጅ የሌለበት ሰፈር አልነበረም። እኔ ግን ስለ መርፌና ስለ ዘይት የሚጽፍ ሰው ከዚያ ጋር ይቆጠራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

የወሰዱኝ ቢሮ ውስጥ የተቀበለኝ መርማሪ ወጣት ነው። አይጮህም፤ አለመጮኹ ይበልጥ አስፈራኝ። ወረቀቱ ላይ ከወደ ግርጌው በቀይ አስምሮበታል። እሱን አነበበልኝ።

"የላዩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ የታችኛውን ጎትቶ ያወጣዋል፤ በመጨረሻም ራሱ ይበጠሳል። ሐሙስ ወለንጪቲ እንገባለን፤ መኪናችሁን ዘይት አጠጥታችሁ ጠብቁን።"

ከዚያ ቀና አለና "የላዩ ማን ነው?" አለኝ።

ክር ነው አልኩት። ርእሱ ላይ "ስለ ክር አወጣጠር" ብዬ ጽፌአለሁ እኮ ብዬ አሳየሁት። ርእሱ ለሽፋን ነው አለኝ። ሐሙስ የሚገባው የምን መኪና እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠየቀኝ። የስፌት መኪና ነው፣ እነሱ ዘንድ ያለ ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ በዚያ ድምፅ ሲያነበው ለራሴም ሌላ ነገር መሰለኝ።

ከሁሉ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በየወረቀቱ ላይ በስም ያመሰገንኳቸውን ልብስ ሰፊዎች ጠርተው ጠይቀዋቸው ነበር። ሁሉም እንዲህ ያለ ወረቀት አይተን አናውቅም ብለዋል። አንዷማ ግርማን እንጂ ሚስቱን አላውቃትም ብላለች።

"ስለ ክር ብቻ ከሆነ ለምን ይክዳሉ?" አለኝ መርማሪው።

አልፈርድባቸውም። ልጆች አሏቸው፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ የምል ይመስለኛል። ግን የነሱ መካድ እኔን ጨርሶ አሰመጠኝ።

እዚያው አሳደሩኝ። አብረውኝ ያሉት ሴቶች ምን አድርገሽ ነው ሲሉኝ ስለ ስፌት መኪና ጽፌ ነው አልኳቸው። የምደብቃቸው መስሏቸው ደግመው አልጠየቁኝም። ግርማ ከአርሲ ነገሌ ሲመለስ ሱቁን ዝግ ሆኖ አገኘው። ምግብ በር ላይ ያቀብላል እንጂ እኔን ማየት አልተፈቀደለትም። ሐሙስም ወለንጪቲ ሳይሄድ ቀረ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ስሜ ተጠራ። ቢሮው ስገባ ከጠረጴዛው ፊት አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። አሮጌ ኮት ለብሰዋል፤ የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለኝ መርማሪው። አላውቃቸውም አልኩ። እሳቸው ግን አውቃታለሁ ብለው ነው ሳይጠሩ የመጡት አለኝ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "አካም ቡልተኒ፣ ወይዘሮ ፀሐይ" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሉኝ። ቤታቸው እንግዳ ሆኜ የገባሁ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ለመርማሪው ገመቹ እንደሚባሉ፣ ወለንጪቲ ልብስ እንደሚሰፉ ነገሩት። ስማቸውን ስሰማ አወቅኋቸው። በየወሩ "ለኦቦ ገመቹ" እያልኩ የምጽፍላቸው ሰው ናቸው።

ኋላ እንደነገሩን ግርማ ሐሙስ ሲቀርባቸው የአውቶቡስ ረዳቱን ጠየቁት፤ እሱ ነው መታሰሬን በጆሯቸው የነገራቸው። ባለቤታቸው ማንም ሳይጠራዎት ምን አገባዎት ብለው ለምነዋቸው ነበር። ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው በጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ወጡ።

መርማሪው ወረቀቱን አሳያቸውና እንዲህ ያለ ደርሶዎት ያውቃል ወይ ሲል ጠየቃቸው።

"በየወሩ ይደርሰኛል።"

"ሌሎቹ ሁሉ አልደረሰንም ነው ያሉት።"

"የነሱን እነሱ ያውቃሉ። ለእኔ ደርሶኛል። የደረሰኝን አልደረሰኝም ልበል እንዴ፣ ጓድ?"

አሁን እሳቸውንም ያስቀሯቸዋል ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

መርማሪው እንዲያነቡለት ወረቀቱን ሰጣቸው። ኦቦ ገመቹ ወደ መስኮቱ አስጠጉትና በጣታቸው እየተከተሉ፣ እየቆረጡ ማንበብ ጀመሩ። ርእሱን አነበቡ። ስለ ላዩና ስለ ታችኛው ክር ያለውን አነበቡ። ቀይ የተሰመረበት ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉና ይህን ቀደም ብለው ቢያውቁ ኖሮ የአንድ መምህር ሱሪ እንደማያበላሹ ተናገሩ። እንደ ቀልድ አይደለም ያሉት። አሁንም የቆጫቸው ይመስሉ ነበር።

መርማሪው ማንበብ የት ተማሩ አላቸው።

"በዘመቻው ነው። ፊደሉን ቀበሌያችን አስቆጠረኝ" አሉ። "ከዚያ ወዲያ ግን ቤቴ ውስጥ ምን የሚነበብ አለ? በስሜ ተጽፎ የሚመጣልኝ ይሄ ብቻ ነው። እሱም ከቀረ ፊደሉ ይጠፋኛል።"

መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ያንን መስመር እንደገና አየውና "ክር" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ።

ሲመለስ ፊቱ ፈታ ብሏል። ከእንግዲህ ማናቸውንም ወረቀት ከመላኬ በፊት ለቀበሌ እንዳሳይ ነግሮ አስፈረመኝና ሂጂ አለኝ። የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ኦቦ ገመቹም ለምስክርነታቸው ፈረሙ። በጣት ይፈርሙ እንደሆነ ቢጠይቃቸው ብዕሩን ተቀብለው ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ።

በሩ ላይ ግርማ ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ቆሟል። ሲያየኝ ዕቃውን መሬት አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ኦቦ ገመቹ እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። "ተዪ ልጄ፣ ተዪ" አሉኝ።

የጽሕፈት መኪናዬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመለሰልኝ። ወረቀቱንም ቀጠልኩት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር እያነበበ ማኅተም ይመታበታል፤ እኔም "ክር" የምትለዋን ቃል በየመስመሩ እደጋግማታለሁ። የካዱን ደንበኞች አንድ በአንድ ተመለሱ። ያቺ አላውቃትም ያለችው ሴት መኪናዋን በጋሪ አስጭና መጥታ ዓይኔን ማየት አቃታት። እኔ ነኝ ቀድሜ የሳምኳት። ከኦቦ ገመቹ ጋር ግን እስኪያርፉ ድረስ ቤተ ዘመድ ሆነን ኖርን።

ዛሬ ያን ጊዜ ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ እስር ቤቱ አይደለም። ከዚያ በር ወጥተን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ያደረግነው ጉዞ ነው። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ግርማ በአንድ ወገን፣ ኦቦ ገመቹ በሌላው ወገን፣ እኔ በመካከል። ሽማግሌው ስለ ቢሮው አንድም ቃል አላነሡም። መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለ መኪናቸው ነው። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ጠፍር፣ ቺንጋው፣ ላልቷል፣ ፔዳሉ ይጮሃል፣ የሰው ልብስ ተከምሮባቸዋል፣ ሐሙስ ሙሉ ግርማን ሲጠብቁ ውለው ቀርቶባቸዋል። ግርማ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሻንጣዬን ላምጣና አሁኑኑ አብረን እንሂድ ይላቸዋል። እኔ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ምሥራች ሰምቻለሁ። አንድ ሰው ስለ ላላ ቺንጋ ሲያማርር የሰማሁትን ያህል ግን ልቤን ያሳረፈኝ የለም።