እንዳትመልሺለት

ሰቆጣ በተመደብኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ትኩሳት የያዛቸው አንዲት እናት ከፃግብጂ ወረዳ ወደ ጤና ጣቢያችን መጡ። አግዳሚው ላይ ጋደም እንዳሉ አንዲት አጭር የአገውኛ ቃል ተናገሩ። ቃሏን አውቃታለሁ፤ ትርጉሟን ግን አላውቅም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ለሥራ ተመድቦ እዚሁ ሰቆጣ ለጥቂት ወራት ተቀምጠናል፤ ከቤታችን አገውኛ የሚሰማ አልነበረም። የአከራያችን ልጅ ዝናሽ አእምሮዋ ታሞ ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ይቆለፍባት ነበር። እናቷ ገበያ ሲወጡ የቆርቆሮውን በር በጥፍሯ እየቧጨረች ያቺኑ ቃል ትደጋግማለች።

«እማዬ፣ ምን እያለች ነው?» አልኳት እናቴን።

«እሷ መሰለችሽ የምትናገረው? የያዛት ነው። እንዳትመልሺለት! ከመለስሽለት ወዳንቺ ይዞራል።»

አንድ ቀን ከቦኖ ስመለስ አራት ጣቶች በበሩ ሥር ወጡ። አቧራ ለብሰዋል፣ ጥፍራቸው ተሰነጣጥቋል። ቃሏን ቀስ ብላ፣ እንደ ሰው ተናገረቻት። ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው። ድምፅ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ሮጥኩ። ከኋላዬ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ቆየ።

አሁን አግዳሚው ላይ ወዳሉት እናት እያሳየሁ፣ አብራኝ የምትሠራዋን የአገሩን ልጅ «ምን እያሉ ነው?» አልኳት።

«ጠምቷቸዋል። ውሃ እያሉሽ ነው» አለችኝና ልትቀዳላቸው ሄደች።

ያን ቀን ከዝናሽ በር የሸሸሁት ሙሉ ጀሪካን ውሃ ተሸክሜ ነበር።