ጽጌ የሌለችበት መጽሐፍ

ሾፌሩ ሙሔ ባለፈው ሳምንት ከጅግጅጋ ሲመጣ ሦስት ልብ ወለድ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። "እንቺ እትዬ ዘምዘም፣ በርበራ ደርሼ እስክመለስ ጨርሰሽ ትጠብቂኛለሽ" አለኝ። አልተሳሳተም። ሐርጌሳ ከተማ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ከምሳ በኋላ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ እኔ የጓዳው ደፍ ላይ መጽሐፌን ይዤ እቀመጣለሁ። የእኔ ሱስ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው የስለላ ታሪክ ነው። ሰላዩ ጥይት ሲዘንብበት ሸሚዙ እንኳ አይጨማደድም። ከዳር እስከ ዳር ሳነብ አንዴም ሲበላ አላየሁትም፤ ሳይበላ የሚሮጥ ሰው ደግሞ አላምንም። ሁለተኛው የግድያ ምርመራ ነው። ገዳዩን ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ አወቅኩት። ደራሲው ከሁሉ አስበልጦ ጨዋ ያደረገውን ሰው ጠርጥሩ፣ አትሳሳቱም። አጻጻፉ ግን ይጥማል። ያልወደድኩለት አንድ ነገር ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም ይታወቃል። ማን ገደለ፣ ለምን ገደለ፣ ሬሳው የት ወደቀ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ጥርት ብሎ ያለቀ ነገር አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው የፍቅር ነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ወረቀቱ የወየበ። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዳነበብኩ ወደ ላይ ተመልሼ ደገምኩት። ውብነሽ የምትባል ልጅ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ቆማ እጮኛዋን ትሸኛለች፤ ባቡሩ ሲርቅ ነጠላዋን አውልቃ ታውለበልባለች። ይህን መጽሐፍ አውቀዋለሁ። አንብቤው ሳይሆን ሰምቼው ነው።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከባቲ ወጥቼ ሐርጌሳ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። እኔ፣ የሐረሯ ነጃትና የደሴዋ ሰዓዳ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሩዝ እንለቅም፣ ሰሃን እናጥብ ነበር። ሰዓዳ ከሦስታችን የተማረችው ናት። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ሲከፋት ዝም የምትል ልጅ ነበረች። በእጇ ያሳደገችው ታናሽ ወንድም ነበራት። ባሕሩን ተሻግሮ የመን ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ስንጠይቃት "ስልኩ አይሠራም" ትላለች። ከዚያ ወዲያ ከአፏ አንድ ቃል አታወጡም።

ምሳ አብልተን፣ ዙህር ሰግደን፣ የአስር ሰላት እስኪደርስ ያለው ጊዜ የእኛ ነበር። ሰዓዳ ታነባለች፣ እኛ እንሰማለን። ደንብም ነበረን፤ ያነበበች ድስት አትፈትግም፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ የሰሙት ፍርድ ይሰጣሉ። ነጃት ለሁሉም ታዝናለች፣ ለሌባውም ጭምር። እኔ ጨካኝ ነበርኩ። ታሪክ መሄድ አለበት ባይ ነኝ። የምታመነታ ሴት ስትመጣብኝ "ይህችን ግደሏትና እንረፍ" እላለሁ፣ ሰዓዳም ትስቅብኛለች።

የውብነሽን መጽሐፍ የጀመርነው በጂላል ነው፣ በደረቁ ወራት። አቧራው ሻያችን ውስጥ ይገባል፤ ውሃ በአህያ ጋሪ እየመጣ በሰልፍ ነበር የሚገዛው። ጣሪያው ከሙቀቱ ብዛት ይንጣጣል። በዚያ መሃል የሰዓዳ ድምፅ ቀዝቀዝ ብሎ ይወርዳል፣ እንደ እንስራ ውሃ።

ታሪኩ መሃል ላይ ጽጌ መጣች። ጽጌ የውብነሽ ጓደኛ ናት፤ አንድ ክፍል ይኖራሉ። ምላሷ ስለት ነው፣ ሻይዋ ላይ ዝንጅብል ታበዛለች፣ ስትተኛ ታንኮራፋለች፣ ለውብነሽ ግን ነፍሷን አትሰስትም።

"ይህችን ጽጌን ወደድኳት" አልኩ።

"አውቄያለሁ" አለች ሰዓዳ፣ ከመጽሐፉ ቀና ሳትል።

ነጃት ተንከተከተች። "እንዴት አትወጂያት? ማንኮራፋቷ ራሱ ያንቺ ነው።"

እኔም ደስ አለኝ። መጽሐፍ ውስጥ እኔን የምትመስል ሰው መኖሯ ኩራት ሆነብኝ።

አንድ ቀን የደረስንበት ምዕራፍ ላይ ውብነሽ የእጮኛዋ ወሬ ከጠፋባት ከርሟል። ባሕር ተሻግራ ልትፈልገው አሰበች። ማታ ማታ እንቅልፍ የላትም። በመጨረሻ ጽጌን "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ብላ ጠየቀቻት። ሰዓዳ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋች።

"ፍርድ" አለችን።

"ትቅር" አለች ነጃት። "ባሕር ምኑ ይታመናል?"

"አንቺስ ዘሙ?"

"ትሂድ እንጂ! እዚህ ተቀምጣ ስታለቅስ ልንሰማ ነው እንዴ? ካልሄደች ታሪኩ ምን ይጣፍጣል?"

"ጽጌስ ምን ትበላት?"

"ሂጂ ትበላት። ለመንገዷም ዳቦ ቆሎ ትሥራላት። ጓደኛ ለዚህ ካልሆነ ለምኑ ነው?"

 ሰዓዳ "እሺ" ብላ ተነሥታ ለሰላት ውዱእ ልታደርግ ሄደች። ተራዋ ሳይሆን ድስቱንም ፈተገችልኝ።

ከቀናት በኋላ ዳቦ ቆሎ አማረኝ አለች። ዱቄቱን በዘይትና በበርበሬ አሽቼ፣ ቆራርጬ፣ በትልቁ ብረት ድስት አመስኩላት። አንድ ከረጢት ሞላ። "ይህን ሁሉ ብቻሽን ልትበዪው?" ስላት ጉንጬን ሳመችኝ። በማግስቱ መጨረሻውን አነበበችልን። ውብነሽ ባሕሩን ተሻገረች። እጮኛዋን ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሞ አገኘችው፤ መጀመሪያ አላወቃትም፣ ከዚያ በልጅነት ስሟ ጠራት። ነጃት አለቀሰች። እኔ እንኳ አለቀስኩ። ሰዓዳ ያን ሁሉ ስታነብ አንድም ገጽ እንዳልገለጠች አይቻለሁ። ግን ፊደል ላልቆጠረ ሰው ገጽ ተገለጠ አልተገለጠ ምኑ ነው?

ለሱብሒ ሰላት ስንነሣ ሰዓዳ የለችም። ምንጣፏ ተጠቅልሎ ጥጉ ላይ ቆሟል። ዳቦ ቆሎውም መጽሐፉም የሉም። አንድ የጭነት ሾፌር ቡርዖ ድረስ እንደወሰዳት ነገረን። ቆይተን ከቦሳሶ ወደብ ወደ የመን በጀልባ ተሳፈረች የሚል ሰማን። ጀልባው ደረሰ የሚል ሰው አላገኘሁም፤ ሰጠመ የሚልም አላገኘሁም።

እኔ መጽሐፉን ጠላሁት። ልጅቷን ባሕር ያስገባት እሱ ነው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት መጽሐፉን አግኝቼ ደራሲውን ልሰድብ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው። መጽሐፍ ባትዘልቅም ፊደል የምትለየው ነጃት፣ ትሪ ላይ ዱቄት እየነዛች በጣቷ እየጻፈች አስተማረችኝ። ፊደሉ ከገባኝ ጊዜ ጀምሮ ደግሞ የማነበው ሁሉ በሰዓዳ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ሰላዩም፣ ገዳዩም፣ ሙሽራዋም በእሷ ድምፅ ነው የሚያወሩት። ዱዓ ሳደርግ ስሟ ላይ ስደርስ እሰናከላለሁ። ለሞተ "አላህ ይርሐማት" ይባላል፣ በሕይወት ላለች "አላህ ይጠብቃት"። ለሰዓዳ የቱን ልበል? ዳቦ ቆሎ ከዚያ ወዲህ አልሠራሁም።

እና ሙሔ ያመጣውን መጽሐፍ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ውብነሽ የትም አትሄድም። እጮኛዋ በገዛ እግሩ ይመለሳል፣ ይጋባሉ፣ አለቀ። ባሕር የለም። ወደብ የለም። ደግሜ አነበብኩት፣ አሁን ጽጌን ፍለጋ ብቻ። ጽጌ የምትባል ሰው መጽሐፉ ውስጥ የለችም።

ጽጌ እኔ ነበርኩ። ሰዓዳ ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። በገዛ አፏ መጠየቅ ስላቃታት በመጽሐፍ አፍ ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ ታሪኩ እንዲጣፍጥ ፈረድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰደብኩት ደራሲ ምንም አላደረገም። መጽሐፉን እንዴት አገኘሽው ካላችሁኝ፣ መካከለኛ ነው። ሠርጉ ይረዝማል።

አሁን እኔ ጋ የሚሠሩት ልጆችም ከሰዓት በኋላ ሳነብ ተሰብስበው ይሰሙኛል። አንዷ፣ ራህማ፣ ከከሚሴ የመጣች ናት። ሰሞኑን ሾፌሮቹን ስለ ቦሳሶ መንገድ ስትጠይቅ ሰምቻታለሁ። ትናንት የውብነሽን መጽሐፍ ይዤ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷም ሩዙን እየለቀመች አጠገቤ ተቀመጠች። መሃል ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ውብነሽም ጽጌን 'ልሂድ ወይስ ልቅር?' አለቻት። ጽጌ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። 'አትሂጂ' አለቻት። 'አንቺ ከሄድሽ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አላርፍም።'"

ራህማ ከሩዙ ላይ ቀና አለች። "እትዬ፣ ይህች ጽጌ ደግሞ ከየት መጣች?"

"ጓደኛዋ ናት" አልኳት። ገጹን ግን አልገለጥኩም።